ጆንያውን ቀንሱላቸው፦ «ዲስሌክሲያ የስንፍና ስም ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጓደኞች እናቶች አንዷ «አንቺን ይመለከትሻል» ብላ አንድ ጽሑፍ በስልኬ ላከችልኝ። ማታ ነበር። ልጆቹ ተኝተዋል። ቡናዬን ይዤ ቁጭ አልኩና አነበብኩት። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። ቡናው ቀዘቀዘ።

ዲስሌክሲያ ማለት ብልህነት ሳይጎድል ማንበብና መጻፍ በጣም ሲከብድ ነው። ጽሑፉ ስለዚህ ነገር በአጭሩ ይህን ይላል። ዲስሌክሲያ የሚባለው ፈረንጅ ያመጣው አዲስ ፈሊጥ ነው። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ዝብርቅርቅ ስለሆነ እነሱ ዘንድ ይኖር ይሆናል፤ የኛ ፊደል ግን እንደተጻፈ ስለሚነበብ እኛን አይመለከትም። እንደ ጠበቃ የሚናገር ልጅ ማንበብ ካቃተው ሰንፏል ማለት ነው። መድኃኒቱም የድሮው የቄስ ትምህርት ቤት ዱላ ነው። ያላስተማርነውን ልጅ ሁሉ «ችግር አለበት» እያልን ራሳችንን እያታለልን ነው። ለእነዚህ ልጆች ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት መስጠት በሌሎቹ ላይ ግፍ ነው። ደግሞም «ሌላ ዓይነት አስተሳሰብ ነው» የሚሉ ሰዎች ከልባቸው ከሆነ ልጆቹን ወደ እጅ ሥራ ይላኳቸው፣ ማንበቡንም ይተዉላቸው። ጸሐፊው መጨረሻ ላይ የራሳቸውን የ10 ዓመት ልጅ ያነሳሉ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ክፉ ሰው ናቸው ብዬም አላምንም። የጻፉት ብዙ ሰው በሆዱ የሚያስበውን ነው። እኔም በአንድ ወቅት አስበው የነበረውን። አዳማ ውስጥ 14 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። 3ኛ ክፍል የምትማር ዲስሌክሲያ ያለባት ልጅም አለችኝ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«አዲስ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው»

አዲስ አይደለም። ቃሉን ያወጣው ሩዶልፍ በርሊን የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው፤ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1896 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። ልጁ ፐርሲ ይባላል። ብሩህ ነው፤ ጨዋታ ላይ ከእኩዮቹ አያንስም። ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ተምሯል። ግን የገዛ ስሙን ሲጽፍ እንኳ ፊደሎቹን ያቀያይራል። ሐኪሙ 749ን በ867 አባዛ ሲለው ግን ፈጥኖ በትክክል አባዛው። እስኪ እናንተም በወረቀት ሞክሩት። መምህሩ ስለ ልጁ የሰጠው ምስክርነት ደግሞ ዛሬም ልቤን ይነካዋል፤ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች አንደኛው እሱ በሆነ ነበር።

ስሙ የፈረንጅ ይሁን እንጂ ነገሩ እኛ ቤት ነበር። አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። ከአርሲ የሚመጣውን ስንዴ እዚህ አዳማ ተቀብሎ ይሸጣል። አንዲት ፍሬ በጥርሱ ነክሶ እህሉ መድረቅ አለመድረቁን ይናገራል። የ40 ሰው ዱቤ በጭንቅላቱ ይይዛል፤ ማን መቼ ስንት ወሰደ፣ ስንት መለሰ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከሰፈሩ ሰው ጋር ገብቶ ተማረ። ሌሎቹ ማንበብ ችለው ወጡ። እሱ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ «ፊደሉና እኔ አልተዋደድንም» ብሎ ተወው። ያኔ ማንም ስም አልሰጠውም። ስም ስለሌለው ግን አልቀረለትም። ዲስሌክሲያ በዘር ይወርዳል፤ ከወላጆቹ አንዱ ያለበት ልጅ ላይ የመታየቱ ዕድል ወደ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። እኔን ዘሎ ልጄ ላይ መጣ።

«የኛ ፊደል እንደተጻፈ ይነበባል»

ይህ ነጥብ ብዙ ሰው ያሳምናል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው።

እንግሊዝኛ ላይ አንድ ድምፅ በብዙ መንገድ ይጻፋል፤ አንድ ፊደልም በብዙ መንገድ ይነበባል። ስለዚህ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ እንግሊዝኛ ላይ በጣም ይሳሳታል። ጣልያንኛ ግን እንደተጻፈ ይነበባል ማለት ይቻላል። ታዲያ ጣልያኖች ዲስሌክሲያ የለባቸውም? አለባቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. የጣልያን፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ተማሪዎችን ያነጻጸረ ጥናት ታትሞ ነበር። ዲስሌክሲያ ያለባቸው ጣልያኖች ከሌሎቹ የተሻለ አንብበዋል። በንባብ ጊዜ አእምሯቸው ሲታይ ግን ሦስቱም ዘንድ ሥራው ቀንሶ የተገኘው ያው የግራ ጎን ክፍል ነው። አጻጻፍ ሲቀል ስሕተቱ ይቀንሳል፤ ዝግታው ይቀራል። ልጁ ቃሉን ልክ ያነበዋል፤ ግን አንድ መስመር እስኪጨርስ ጓደኞቹ ገጽ ገልጠዋል። ፊደል በሌለው በቻይንኛ ጽሑፍ ሳይቀር ዲስሌክሲያ አለ።

እስኪ ፊደላችንን ራሱን እንየው። እወደዋለሁ፤ እንጀራዬም ነው። ግን ቀላል ነው ብሎ ለልጅ መንገር ውሸት ነው። 33 ቤት አለ። እያንዳንዱ ቤት 7 ነው። 231 ሆነ፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። አብዛኛው ሕግ አለው። ካዕብ ወገቡ ላይ ጭረት ያወጣል፣ ሳልስ እግሩ ላይ፣ ኀምስ እግሩ ላይ ቀለበት። ሳድስ ጋ ስንደርስ ሕጉ ይፈርሳል፤ ብ፣ ን፣ ት፣ ድ፣ ር እያንዳንዱ በየፊናው ነው።

አሁን «ባ»ንና «ቦ»ን ጎን ለጎን ጻፏቸው። የአንዱ ቀኝ እግር ረጅም ነው፤ የሌላው ግራ እግር። መስታወት ፊት እንደቆመ ሰው ናቸው። «ላ»ና «ሎ»ም እንዲሁ፣ «ሳ»ና «ሶ»ም፣ «ዳ»ና «ዶ»ም። የእንግሊዝኛ ተማሪዎች «ቢ»ና «ዲ» ይምታቱባቸዋል ሲባል እንሰማለን። ያ ጣጣ እኛ ዘንድ በብዙ ቤት ነው። የሰው አእምሮ ስኒ ጆሮው ወደ ቀኝም ዞረ ወደ ግራ ያው ስኒ እንደሆነ ያውቃል። ፊደል ላይ ሲደርስ ግን ይህን ዕውቀቱን መተው አለበት። ማንኛውም ጀማሪ ልጅ በዚህ ይደናቀፋል፤ ይህ ብቻውን ዲስሌክሲያ አይባልም። ሌላው ልጅ ቶሎ ይሻገረዋል፤ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ላይ ግን ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ልጄ 2ኛ ክፍል ጨርሳም «ሎሚ»ን «ላሚ» ትለው ነበር።

ዋናው ችግር ግን ከዓይን ይልቅ ድምፅ ላይ ነው። «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» ሲባል ብዙ ልጅ ማንም ሳይነግረው አንድ ነገር ይገባዋል፤ ሰባቱም ውስጥ አንድ የጋራ ድምፅ አለ፣ የሚለዋወጠው የሚከተለው ነው። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ያን የጋራ ድምፅ ነጥሎ ማውጣት ይከብደዋል። ጆሮው ደህና ነው። ሙዚቃ ይሰማል፣ ሹክሹክታ ይሰማል። ቃልን ወደ ድምፆቹ መበተኑ ነው የሚያስቸግረው። ስለዚህ ሰባቱ ወንድማማች መሆናቸው አይታየውም። 231 ባዳ ነው የሚታየው። እያንዳንዱን ለብቻው እንደ ሥዕል መሸምደድ ይጀምራል። ክፍል ውስጥ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ልጁ ትናንት «ሊ»ን አውቋል፣ ዛሬ «ሲ»ን አያውቅም፤ ያቺ የእግር ጭረት ለሁለቱም አንድ ሥራ እንደምትሠራ አልተገለጠለትም።

መጥበቅና መላላትም አለ። «ገና» ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ፊደሉ አይናገርም። አዋቂ ከዐረፍተ ነገሩ ይገምታል። አንድ አንድ እየለቀመ የሚያነብ ልጅ ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ከምን ላይ ይገምት?

የአዳማ ልጅ ሸክም ደግሞ ይጨምራል። ፊደልን፣ ቁቤን (ኦሮምኛ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል) እና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ይማራል። «ኤክስ» የምንላት ፊደል በኦሮምኛ ክፍለ ጊዜ «ጥ» ናት። ደወል ተደውሎ የእንግሊዝኛ መምህር ሲገባ «ክስ» ትሆናለች። «ሲ» በቁቤ «ጭ» ናት፤ እንግሊዝኛ ላይ አንዴ «ክ»፣ አንዴ «ስ»። ቁቤ ለብቻው ደግ ነው። ድምፁ ሲጠብቅ ፊደሉ በአብዛኛው ይደገማል፣ አናባቢው ሲረዝም እሱም ይደገማል፤ መገመት ብዙም የለም። ልጄ እንዲያውም ቁቤን ከፊደል ቀድማ ነው የለመደችው። ሦስት ቋንቋ መማር ዲስሌክሲያን አያመጣም። ሦስት ቋንቋ ማወቅ ሀብት ነው። ድምፅና ፊደል ማገናኘት ለሚከብደው ልጅ ግን በየ40 ደቂቃው ሕጉ ይለወጥበታል። ጸሐፊው «እኛን አይመለከትም» ሲሉ ይህን ልጅ ያሰቡት አይመስለኝም።

«አፉ የሚናገር ልጅ ማንበብ ካቃተው ሰንፏል»

ንግግር ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረን ይመጣል። ጽሑፍ ግን የሰው ልጅ ከጀመረው 5,000 ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። አእምሯችን ለንባብ ተብሎ የተሠራ ክፍል የለውም። ዕቃንና ፊትን ለመለየት የነበረውን ክፍል ከንግግሩ ክፍል ጋር አገናኝቶ መንገድ ማበጀት አለበት። መንገዱ በቀላሉ የሚጠረግለት አለ፤ የሚቸገርም አለ። ይህ ከብልህነት ጋር አይሄድም። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ የአእምሮ ምስል ጥናት ማንበብ የሚከብዳቸው ልጆች የብልህነት መለኪያ ውጤታቸው ከፍ ያለም ይሁን ዝቅ ያለ፣ አእምሯቸው ላይ የታየው ነገር ተመሳሳይ ነበር።

ስንፍናን በተመለከተ ግን ጥናት አልጠቅስም። የኛን ቤት ማታ ላሳያችሁ።

የቤት ሥራው አንድ አንቀጽ ነው፤ 5 መስመር። ልጄ ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር ታደርጋለች። ቃሉ «ተማሪዎች» ነው። «ተ… ማ…» ትላለች። ትቆማለች። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። «ተማሪዋ?» ትለኛለች፤ ገጹን ትታ ፊቴን እያየች። መልሱን ከፊቴ ላይ ልታነብ ነው። ፊቴን ማንበብ ይቀላታል፤ ጎበዝም ናት። ሁለተኛው መስመር ላይ «ተማሪዎች» እንደገና ይመጣል። እንደ አዲስ ትጀምረዋለች። አራተኛው መስመር ላይ አንገቷ ላይ ላብ አያለሁ። 20 ደቂቃ ሆኗል። ሰነፍ ልጅ አያልበውም።

ከዚያ መጽሐፉን እወስድና እኔ አነብላታለሁ። አንድ ቀን የጅብና የአህያ ተረት ነበር። ከሥር ያሉት ጥያቄዎች «አህያዋ የት ሄደች?» የሚሉ ናቸው። ልጄ ግን «እማ፣ ጅቡ እንደሚዋሽ እያወቀች ለምን አብራው ሄደች? ብቻዋን ማደር ፈርታ ነው?» አለችኝ። 14 ዓመት ሳስተምር ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም።

2ኛ ክፍል ሳለች ያስተምሯት የነበሩት መምህር ከኋላ ወንበር አስቀመጧት። «እንዳትሸማቀቅ» ብለው ማስነበቡንም ተዉት። 5 ወር ሙሉ ተራ አልደረሳትም። ያኔ ነው ሆድ ቁርጠት የጀመራት፤ ሰኞ ሰኞ ጠዋት። ሐኪም ጋ ወሰድናት። ምንም የለም ተባልን። ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አማርኛ ነበር። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ይህን ለማያያዝ 5 ወር ፈጀብኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

«የድሮው የቄስ ትምህርት ቤት ዱላ»

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጎን ልቁም፤ ዱላውን ትቼ።

አጎቴ ያነበበው ቄስ ትምህርት ቤት ነው። የሚነግረኝ ይህ ነው። ልጁ ፊደል ገበታውን ይዞ በስንጥር አንድ በአንድ እየጠቆመ ጮክ ብሎ ይላል። ዓይኑ ያያል፣ እጁ ይጠቁማል፣ አፉ ይናገራል፣ ጆሮው ይሰማል። አንዱን ሳይዝ ወደ ሌላው አያልፍም። ጎኑ ያለው ልጅ ዳዊት ደርሶ እሱ ገና ፊደል ላይ ቢሆን «እኩል እለፉ» የሚለው የለም። ሀ ሁን እንደ ዘፈን ሸምድዶ እንዳያመልጥ ደግሞ አቡጊዳ አለ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ተራው ተበውዟል፤ ቅርጹን ያላወቀ ልጅ ዜማው አያድነውም። ንባቡም በደረጃ ነው። መጀመሪያ ፊደል በፊደል ይቆጠራል፤ ቀስ ተብሎ ወደ ቃል፣ ከዚያ ወደ ንባብ ይኬዳል።

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ኦርተን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከአና ጊሊንግሃም ጋር ሆኖ ለእነዚህ ልጆች የማስተማሪያ ዘዴ መሠረት ጣለ። እሷ መምህርት ነበረች። ዘዴው ምንድን ነው? ልጁ እያየ፣ በእጁ እየተከተለ፣ ጮክ ብሎ እየተናገረ፣ እየሰማ ይማራል። ከቀላል ወደ ከባድ በደረጃ ይሄዳል። አንዱ ሳይጠና ወደ ሌላው አይታለፍም። ዛሬም ለዲስሌክሲያ የሚመከረው ትምህርት ድምፅንና ፊደልን በግልጽ፣ በቅደም ተከተል ማስተማር ነው። ይህን ሳነብ አጎቴ ትዝ አለኝ። የዘዴው ብዙ ነገር በእጃችን ነበር። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጸሐፊው የያዙት ዱላውን ሆነ። ዱላውን ዛሬ የሚያመሰግኑት አንብበው የወጡት ናቸው። ሸሽተው ከብት ጥበቃ የተመለሱትን ማን ጠየቃቸው?

እኛ ቤት የሚሆነው ይህ ነው። ሰፌድ አወርድና የስንዴ ዱቄት ስስ አድርጌ እነሰንስበታለሁ። ልጄ በሁለት ጣቷ ትጽፋለች፤ እየጻፈችም ጮክ ብላ ትላለች። «ቦ፣ ግራ እግሯ ረጅም።» ሰፌዱን ነቅነቅ ሳደርገው ይጠፋል። ቀይ እስክሪብቶ የለም፣ ኤክስ የለም። እንደገና። ከዚያ ቤቱን እንቀይራለን፤ «ቦ» ካለች «ሎ»ስ፣ «ሶ»ስ? ያቺ ረጅም እግር ሁሉም ጋ አንድ ሥራ እንደምትሠራ የገባት ቀን ዱቄት በፊቷ ላይ ሆኖ ሳቀች። በየቀኑ 15 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። 7 ወር ሆነን። ዛሬም ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ግን ታነባለች።

በነገራችን ላይ ባለ ቀለም መነጽር ወይም የዓይን ልምምድ ዲስሌክሲያን ያድናል የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከዓይን ሐኪሞች ጋር ሆኖ በ2009 እ.ኤ.አ. ይህን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል።

«ያላስተማርነውን ልጅ ሁሉ ችግር አለበት እያልን ነው»

ይህ እውነት አለው። በ2010 እ.ኤ.አ. በ6 የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከ3 አንዱ ያህል ከቀረበለት ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ይህ ሁሉ ዲስሌክሲያ ሊሆን አይችልም። በአብዛኛው ዲስሌክሲያ ያለበት ሰው ከ100 ከ5 እስከ 10 ይገመታል። ቀሪው የኛ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረት፣ የተጨናነቀ ክፍል፣ በማይናገሩት ቋንቋ መማር። እኔ ክፍል 62 ልጆች አሉ። ከነሱ ከ3 እስከ 6ቱ ዲስሌክሲያ ሊኖርባቸው ይችላል። ሌሎቹ ግን የሚፈልጉት ያንኑ ትምህርት ነው፤ ድምፅና ፊደል በግልጽ፣ በደረጃ። በደንብ ያስተማርኩት ልጅ ቶሎ ይነሳል። በደንብ አስተምሬውም የሚቀረውን ያኔ እለየዋለሁ።

«ተጨማሪ ሰዓት በሌሎቹ ላይ ግፍ ነው»

አባቴ ስንዴ ሲመዝን ጆንያውን ይቀንሳል። እህል በረንዳ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገዢ የሚከፍለው ለስንዴው እንጂ ለጆንያው አይደለም። ጆንያውን ሳትቀንስ ብትመዝን ሚዛኑ አይዋሽም፤ ግን የነገረህ የስንዴውን ክብደት አይደለም።

የሳይንስ ፈተና ስንፈትን የምንመዝነው ምንድን ነው? ሳይንስ ከሆነ ጥያቄውን ለማንበብ ብቻ እጥፍ ሰዓት የሚፈጅበት ልጅ ላይ የመዘንነው ንባቡን ጨምረን ነው። ልጄ የሳይንስ ፈተና 9 ከ20 አመጣች። ቤት መጥታ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ሳነብላት 17ቱን መለሰች። ሰዓት ስለጨመሩላት ማንም የሚቀማው ነጥብ የለም። የምትነግራቸው ያንኑ የምታውቀውን ነው።

የንባብ ፈተና ላይ ግን ጥያቄውን አንብቡላት አልልም። እዚያ የሚመዘነው ንባቡ ነው።

«ሌላ አስተሳሰብ ከሆነ ማንበቡን ተዉላቸው»

ጸሐፊው «አንስታይንም ዲስሌክሲያ ነበረበት» የሚሉ ሰዎችን ይነቅፋሉ። ልክ ናቸው። ለዚያ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። እሱን እንተወው። ስለ ራሳቸው የተናገሩ ሰዎች አሉ። ካሮል ግሬይደር በ2009 እ.ኤ.አ. በሕክምና የኖቤል ሽልማት ያገኙ ሳይንቲስት ናቸው። ልጅ ሳሉ ለፊደል ድጋፍ ትምህርት ይሰጣቸው ስለነበር ራሳቸውን ደደብ አድርገው ያዩ እንደነበር ጽፈዋል። ዲስሌክሲያ መሆኑን ያወቁት በኋላ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ ያሸነፉት ስዊዛዊው ዣክ ዱቦሼ ደግሞ በክፍለ ሀገራቸው በይፋ የተመዘገቡ የመጀመሪያው ዲስሌክሲያ ያለባቸው ሰው እንደነበሩ በገዛ የሕይወት ታሪካቸው አስፍረዋል።

ይህን የምጽፈው ልጆቻችን ሁሉ ኖቤል ይሸለማሉ ለማለት አይደለም። ዲስሌክሲያ ያለባቸው ሰዎች ሥዕልን በጠቅላላው ቶሎ ይረዳሉ የሚል ጥናት አለ፤ ልዩነት አላየንም የሚልም አለ። ለእያንዳንዱ ልጅ የተደበቀ ተሰጥኦ ቃል አልገባም። እኔ «ሌላ ዓይነት አስተሳሰብ» የምለው ዓይኔ ያየውን ነው። ልጄ ከፊደል ተነስታ ወደ ትርጉም አትሄድም፤ መንገዱ ረጅም ነውና። ከትርጉሙ ትነሳለች። የሰውየውን ፊት፣ የታሪኩን አካሄድ፣ የጅቡን ተንኮል ትይዝና ከዚያ ወደ ቃሉ ትወርዳለች። አባቴም እንዲያ ነበር። ዱቤውን በሰዎቹ ይይዘዋል፤ ማን ሊያገባ ነው የወሰደው፣ ማን ለልቅሶ። ቁጥሩ ከሰውየው ጋር አብሮ ይመጣለታል። ይህ ማሰብ ነው፤ የጎደለ ማሰብም አይደለም።

ግን አባቴን ልጨርስላችሁ። ከአንድ ሰው ጋር በሽርክና መጋዘን ያዘ። ውሉን ያ ሰው አነበበለት። ያነበበለትና የተጻፈው አንድ አልነበረም። አባቴ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። ከ2 ዓመት በኋላ መጋዘኑ የሱ እንዳልሆነ ተነገረው። ወረቀቱን ቤት አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። እኔ 7ኛ ክፍል ነበርኩ። «አንብቢልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። «ይሄ ነው የሚለው?» አለኝ። «አዎ አባባ» አልኩት። «እንደገና» አለኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። የ40 ሰው ዱቤ የሚይዘው ሰው፣ እኔ የማነበው እንዲለወጥለት ነበር የሚጠብቀው።

ስለዚህ «ማንበቡን ተዉላቸው» የሚለውን ስሰማ ዝም አልልም። እጅ ሥራ ክቡር ነው። ግን ባለ እጅም ውል ይፈርማል፣ የመድኃኒት ወረቀት ይይዛል፣ የልጁ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ይልክለታል። በሌላ መንገድ የሚያስብ ልጅ ማንበብም መብቱ ነው። ያለ ውርደት፣ በራሱ ፍጥነት፣ ለሱ በሚሆን መንገድ ማስተማር የኛ ፋንታ ነው።

ስለ ልጅዎ

ጸሐፊው ሆይ፣ መጨረሻ ላይ ስለ ልጅዎ ጻፉ። 10 ዓመቱ ነው። የእግር ኳስ ቡድኖችን ደረጃ ከነግባቸው በቃሉ ይላል። የተበላሸ ሬዲዮ ፈቶ ይገጥማል። ደብተሩን ግን ይደብቃል። አንድ ገጽ በትክክል እስኪያነብልዎት ድረስ ኳስ ከልክለውታል፤ 3 ወር ሆኖታል። ይህን እንደ ጥሩ ምሳሌ ነው ያቀረቡት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሳላየውም ስም አልሰጠውም። ግን ነገ ማታ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ደብተሩን ይተዉት። አጠገቡ ቁጭ ይበሉና በቃል ብቻ ይጠይቁት፤ እንደ ጨዋታ። «"ሎሚ" ከሚለው ቃል "ሎ"ን ብናወጣው ምን ይቀራል?» «"ቤት"ና "ቡና" የሚጀምሩበት ድምፅ አንድ ነው ወይስ ልዩ?» የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ይበልልዎት። ከቤተሰቡ ውስጥ እንደ አባቴ «ፊደሉና እኔ አልተዋደድንም» ያለ ሰው እንዳለም ያስታውሱ፤ ምናልባት ከሱ እናት በኩል፣ ምናልባት ከእርስዎ። ልጁ በ10 ዓመቱ እነዚህ ላይ ቢንተባተብ መምህሩን ያነጋግሩ፣ የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ያለበት ትምህርት ቤት ይፈልጉ። አዳማ ካለፉ ደግሞ እኔ ቤት ሰፌድ አለ።

ኳሱን ግን ነገ ጠዋት ይመልሱለት።